የ22 ዶላሩ የኦቨን ትሪ ከስምንት ወር በኋላ

ይሄን ምጽፈው ማታ ከሥራ ደክሟቸው ገብተው ልጆች "እራት ምንድነው" እያሉ ለሚጠብቋቸው ሰዎች ነው። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንት መጦሪያ) እሰራለሁ፣ የ12 ሰዓት ሺፍት ጨርሼ ቤት ስደርስ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ በዛ ሰዓት ወጥ ልጀምር ብል ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ ሌሊት ያደርሰኛል። እሁድ እሁድ ሁለት ሦስት ዓይነት ወጥ ሰርቼ ፍሪዘር አስገባ ነበር፣ እሱም ረቡዕ ላይ ያልቃል፣ ከዛ ፒዛ ማዘዝ ነው። ባለቤቴ ደም ግፊት አለበት፣ ሐኪሙ ጨውና ቅባት ቀንሱ አትክልት አብዙ ካለን ቆይቷል፣ ግን በየትኛው ጊዜ? ይሄ ጥያቄ ነው በመጨረሻ ትሪ ያስገዛኝ።

የገዛሁት ሀፍ ሺት የሚባለውን ነው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ምግብ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር ምናምን የሌለው ተራ አሉሚኒየም፣ 18 ኢንች በ13 ኢንች፣ ዙሪያው 1 ኢንች የሚያህል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ሀፍ የተባለው ዳቦ ቤቶችና ሬስቶራንቶች የሚጠቀሙበት ሙሉው ትሪ 26 በ18 ስለሆነ ነው፣ እሱ ቤት ውስጥ ያለ ኦቨን አይገባም፣ ግማሹ ግን አሜሪካ አፓርትመንት ውስጥ ያለ ኦቨን ልክክ ብሎ ነው ሚገባው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም ምክንያቱም ብዙ ድርጅቶች ይሄንኑ በአንድ ልክ ይሰሩታል፣ ማየት ያለባችሁ ስሙን ሳይሆን ውፍረቱን ነው። በእጃችሁ በሁለት ጥግ ይዛችሁ ጠምዘዝ ለማረግ ሞክሩ፣ በቀላሉ ከተጠመዘዘ መልሱት። የኔው ጠርዙ ተጠቅልሎ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው፣ ለዛ ነው ማይጣመመው።

ከሱ በፊት አንድ ጥቁር ስስ ትሪ ነበረኝ፣ ኦቨን ውስጥ ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላው ጓ! ብሎ ይጮህና አንዱ ጥግ ወደላይ ይነሳል፣ ዘይቱ በሙሉ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሄዳል፣ አንድ በኩል ያለው ድንች በዘይት ይዋኛል፣ ሌላው ደርቆ ያራል። ለካ ስስ ብረት እኩል ስለማይሞቅ አንዱ ቦታ ቀድሞ ሲለጠጥ ነው ሚጣመመው። ጥቁር ደግሞ ሙቀት ስለሚስብ ታቹን ቶሎ ያሳርራል። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን በፍጥነትና እኩል ነው ሚያዳርሰው፣ ነጣ ያለ ስለሆነም ታቹ ሳያርር ላዩ ይደርሳል። በስምንት ወር ውስጥ በሳምንት ሦስቴ አራቴ ተጠቅሜበት አንድም ቀን አልተጣመመም።

አሁን ወደ ምግቡ። ከትሪው ጋር አንድ ካርቶን መጥቶ ነበር፣ ላዩ ላይ የአሳማ ፊሌቶ ከድንችና ካሮት ጋር ባንድ ትሪ ተጠብሶ የሚል አሰራር አለበት። እኛ ቤት አሳማ አይበላም፣ ኦርቶዶክስ ነን፣ ግን ካርቶኑን አልጣልኩትም ምክንያቱም ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ሥጋና አትክልት ባንድ ትሪ፣ ባንድ እሳት፣ ሚታጠበውም አንድ ዕቃ። ፎቅ ላይ ያለችው የኤልሳልቫዶር ጎረቤቴ ትሪዬን አይታ ያንኑ ዓይነት ገዝታ የካርቶኑን ምግብ እንዳለ ሰራችው፣ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ስለዚህ አሳማ ለምትበሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፊሌቶው ቀጭን ረዘም ያለ ነው፣ አንድ ፓውንድ ወይም ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። ሱቅ ውስጥ ግን ከጎኑ ሎይን የሚባል ወፍራም ሌላ ሥጋ ይቀመጣል፣ ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እሱ በጣም ብዙ ጊዜ ነው ሚፈልገው። ትከሻውም ለዚህ አይሆንም፣ እሱ ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚበስል ነው። እሷ ድንችና ካሮቱን በ425 ፋራናይት ቀድማ ወደ 15 ደቂቃ አቆየችው፣ ከዛ ፊሌቶውን በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በትንሽ ዘይት አሽታ መሐል ላይ አጋደመችው፣ ሌላ 20 ምናምን ደቂቃ። የሥጋው ቴርሞሜትር 145 ፋራናይት ሲል አወጣችው፣ 3 ደቂቃ አሳርፋ ቆረጠችው፣ መሐሉ ትንሽ ሮዝ ነበር። እኔ ደንግጬ ጥሬ ነው እንዴ ስላት አይደለም አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ የሚለውን ሙቀት በ2011 ከ160 ወደ 145 ዝቅ አርጎታል። የተፈጨ ከሆነ ግን አሁንም 160 ነው። ድሮ የሚባለውን ይዞ እስከ 160 ማቆየት ፊሌቶን እንጨት ነው ሚያረገው ትላለች።

እኔ ምሰራው በዶሮ ነው። አጥንትና ቆዳ ያለው የዶሮ ጭን፣ 6 ፍሬ ለአራት ሰው። ደረት አትግዙ፣ ደረት ድንቹ ሳይደርስ ይደርቃል፣ ጭን ግን ትንሽ ብታስረዝሙትም ይታገሳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ኦቨኑን 425 ላይ ነው ማስነሳው፣ ሴልሺየስ ለምትጠቀሙ 220 በሉት። እሱ እስኪሞቅ ድንች 4፣ ካሮት 3፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ድንቹ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም መብለጥ የለበትም። ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ ለሁሉም፣ በቃ። ጨው ለጠቅላላው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ይሄ ብዙ ይመስላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም 2,300 ሚሊግራም ነው፣ ላንድ አዋቂ በቀን ከዚህ አትለፉ የሚባለው ልክ ማለት ነው፣ ለአራት ሲካፈል ግን ላንድ ሰው 575 አካባቢ ይደርሳል፣ ካዘዝነው ፒዛ ጋር አይወዳደርም። ከዛ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ እና የጥብስ ቅጠል። የጥብስ ቅጠል! እዚህ ሮዝመሪ ብለው በትንሽ ፕላስቲክ ሦስት ዶላር የሚሸጡት እኮ እሱ ነው፣ እናቴ ግቢ እንደ አጥር የበቀለው። ጦስኝም ካገኛችሁ ጨምሩበት፣ ዶሮና ጦስኝ በጣም ይስማማሉ።

ዶሮውን ቆዳውን ወደላይ አርጌ አትክልቱ መሐል መሐል አስቀምጥና 25 ደቂቃ አልነካውም። በዛ ሰዓት ሻወር እወስዳለሁ፣ የልጆቹን ሆምወርክ አያለሁ። ይሄ 25 ደቂቃ ነው ለኔ ትልቁ ነገር፣ ወጥ ሲሰራ አጠገቡ መቆም አለብህ፣ ይሄ ግን ማንም አያማስለውም። ከዛ አውጥቼ አትክልቱን ገልበጥ ገልበጥ አርጌ ብሮኮሊ ወይም ፎሶሊያ እጨምርበታለሁ፣ እነሱ ከመጀመሪያው ከገቡ ከሰል ነው ሚሆኑት፣ ሌላ 12 እስከ 15 ደቂቃ። የዶሮው ሙቀት አጥንቱን ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ቢያንስ 165 መሆን አለበት፣ ጭን ግን 175 ላይ ነው ሚለሰልሰው፣ እኔ እስከዛ እጠብቃለሁ። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ግዙ፣ 15 ዶላር ነው፣ ደም አለው የለውም እያሉ መቁረጥ ዶሮውንም ያደርቀዋል ልብም አያሳርፍም።

እንግዲህ ሁሉም ሲደመር ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። የ20 ደቂቃ እራት ምናምን የሚሉ አሉ፣ ድንች መላጡን ሳይቆጥሩ ነው። ማታ ተልጦ ተከትፎ ውሃ ውስጥ ፍሪጅ ካደረ ግን ኦቨኑ ከሞቀ በኋላ 40 ደቂቃ ውስጥ እንበላለን፣ ድንቹን ከውሃው ስታወጡት በደንብ አድርቁት ብቻ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ግን አልተሳካልኝም ነበር፣ ይሄን ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው ትሪው ነው ችግሩ ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አትክልቱን አብዝቼ እላይ በላይ ከምሬው ነበር። ጥብስ የሚሰራ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ ትንሽ መጥበሻ ላይ ብዙ ሥጋ ስትጨምር ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ከዛ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም አይደል? ኦቨንም እንደዛው ነው። በድንቹና በካሮቱ መሐል ባዶ ቦታ ከሌለ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ታፍኖ ይቀቅለዋል፣ ነጭ ለስላሳ ይሆናል እንጂ ያ ቡናማ ጣፋጭ ጠርዝ አይመጣም። ያ ጠርዝ የሚመጣው ላዩ ደርቆ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ በጣም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ትሪው ላይ ብረቱን ማየት አለባችሁ፣ እንግዳ ካለ ሁለት ትሪ ተጠቀሙ እንጂ አትከምሩ። ይሄን ካስተካከልኩ በኋላ ትልቁ ልጄ ካሮት ደግሞ መጠየቅ ጀመረ፣ ካሮት!

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር እኛ ጋ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ዶሮውን ከነአጥንቱ ትሪ ላይ ሳስቀምጥ አይታ "12 ብልት ሳይወጣለት? በሎሚ ሳይታጠብ?" አለች፣ በጣም ነው የከፋት። እውነት ለመናገር የመታጠቡ ነገር ለኔም ቀላል አይደለም፣ ዶሮ በሎሚና በጨው ስምንት ዘጠኝ ውሃ እስኪለወጥለት ሲታጠብ ነው ያደግኩት። እዚህ አገር ግን ዶሮ አትጠቡ ነው ሚሉት፣ ምክንያቱም ቧንቧ ስር ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ ጀርሙን ሲንኩ፣ ሰላጣው፣ ፎጣው ላይ ያደርሰዋል፣ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። እኔም ነርሲንግ ሆም ስለምሰራ የምግብ መመረዝ አዛውንት ላይ ምን እንደሚያረግ አይቻለሁ። ከእናቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፣ ቧንቧ አንከፍትም፣ ጥልቅ ሳህን ውስጥ በሎሚና በጨው ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዛ አውጥተን በፔፐር ታወል እንጠርገዋለን፣ ሳህኑና ሲንኩ በሳሙና ይታጠባል። የሎሚው ሽታ እሷን ደስ አሰኛት፣ መደረቁ ደግሞ ለቆዳው ጠቀመው፣ እርጥብ ቆዳ አይንኮሻኮሽም። በጨው ከነከራችሁት ግን ከላይ ያልኩትን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀነስ አርጉት። በልታ ስትጨርስ ትሪው ላይ የቀረውን የዶሮና የሽንኩርት መረቅ አየችና "እንጀራ አምጪልኝ" አለች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያ መረቅ በእንጀራ ነው ሚጠረገው፣ ማንም ሳህን ላይ አያወጣውም።

በርበሬ ላይ ተጠንቀቁ። ወጥ ላይ በርበሬ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ነው ሚቁላላው፣ ሲደርቅም ውሃ ጠብ ይደረግለታል። 425 ላይ ደረቁን ከነሰነሳችሁት ግን ያራል፣ ይመርራል፣ ቤቱንም በሳል ይሞላዋል፣ የጭስ አላርማችን ሁለት ጊዜ ጮኋል። እኔ አሁን አዋዜ በጥብጬ የመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎች ላይ በማንኪያ ዶሮው ላይ እቀባዋለሁ፣ ሚጥሚጣ ደግሞ ከወጣ በኋላ ሳህን ላይ ነው። ንጥር ቅቤ ግን እሳቱን ይችላል፣ በበዓል ቀን በዘይቱ ፈንታ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከኮረሪማ ጋር ሞክሩት፣ ሽታው ኮሪደሩን ነው ሚያውደው። አዘውትሮ ግን ለባለቤቴ አይሆንም።

በግ ለምትወዱ፣ ለጥብስ እንደሚቆረጠው ተቆርጦ 450 ላይ 12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ አብሮ፣ ድንች ካለ ድንቹ ቀድሞ መግባት አለበት። የሚገርም ነው አልልም፣ ምድጃ ላይ በብረት መጥበሻ የሚጠበሰው ይበልጣል፣ ዶሮው ነው ለዚህ ትሪ የተፈጠረው።

እና ጾም! ረቡዕ አርብና ሁዳዴ ይሄ ትሪ ከምንጊዜውም በላይ ሰርቷል። ሽምብራ ከቆርቆሮ አውጥቼ አጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ፣ ዱባ፣ አበባ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከሙን፣ ትንሽ እርድ፣ 425 ላይ 30 ደቂቃ። ሽምብራው ቆሎ ነገር ይሆናል፣ ዱባው ማር ይመስላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ሽሮና ምስር ብቻ ሲደጋገም ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ይሄኛውን ግን ራሳቸው ናቸው ሚጠይቁት። ቀይ ስር ስትጨምሩ ለብቻው ጥግ አስይዙት፣ ሁሉንም ነው ሚያቀላው።

የማልወድለት ነገርም አለ። አንደኛ ዲሽ ዋሸር ውስጥ አንዴ አስገባሁት፣ ጠቆር ብሎ ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ እጅ ላይም ጥቁር ነገር ይለቅ ነበር። የዲሽ ዋሸር ሳሙና አሉሚኒየም ላይ እንደዛ ነው ሚያረገው፣ ስለዚህ በእጅ ነው ሚታጠበው፣ ለደከመው ሰው ይሄ ቅሬታ ነው። ሁለተኛ ሎሚና ቲማቲም ሲበዛበት አሉሚኒየሙን ይነካዋል፣ ምግቡ የብረት ጣዕም ይይዛል፣ ያኔ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማንጠፍ ግዴታ ነው። ወረቀቱ ስንት ፋራናይት እንደሚችል የራሱ ካርቶን ላይ ይጻፋል፣ አንዳንዱ 420 ላይ ያቆማል፣ እዩት። ሰም የተቀባውን ወረቀት ደግሞ ኦቨን ውስጥ በጭራሽ እንዳታስገቡ፣ ጥቅልሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። ሦስተኛ ከጥቂት ወር በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቢፈተግም አይለቅም። እኔ ተውኩት፣ ለምግቡ ምንም አያረገውም፣ ግን እንደ አዲስ እንዲያብረቀርቅ የምትፈልጉ ከሆነ ይሄ ዕቃ ያናድዳችኋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ ወይም አምጡልኝ ከማለታችሁ በፊት ኦቨናችሁን ውስጡን በሜትር ለኩ። ሀፍ ሺቱ 46 በ33 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ለእህቴ አንድ ልኬላት ነበር፣ የሷ ምድጃ ጠባቡ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ዓይነት ነው፣ የኦቨኑ ውስጥ ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ አልገባም፣ አሁን ቆሎ ማበጠሪያ አርጋዋለች። ለንደዚህ ዓይነቱ ሩቡ መጠን ነው ሚሆነው፣ 33 በ24 የሚሆነው፣ ለሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። የኦቨኑ ቁጥር ሴልሺየስ መሆኑንም አትርሱ፣ 425 ብዬ የጻፍኩት እናንተ ጋ 220 ነው፣ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 200 ይበቃዋል።

22 ዶላር ከታክስ ጋር ነው የከፈልኩት። የሬስቶራንት ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ብትፈልጉ ከዛም በታች ታገኛላችሁ፣ ያው ነው። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ሀፍ ሺቱ ይበዛባችኋል፣ ሩቡን ግዙ። ኤር ፍራየር (በሞቀ አየር የሚጠብሰው ዕቃ) ያላችሁ ለሁለት ሰው እሱ ይፈጥናል፣ ለአራት ለአምስት ሰው ግን ሦስት ዙር መጥበስ ነው፣ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል፣ እኔ በስጦታ የተሰጠኝን ኤር ፍራየር ለጓደኛዬ ሰጥቻለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ተኩል፣ ግማሹን የቀነስኩት ለዲሽ ዋሸሩ ነው።

እናቴ ስትመለስ ሁለት ሩብ መጠን ትሪ ሻንጣዋ ታች ላይ ልብስ መሐል አስገባሁላት። እህቴ ባለፈው ቅዳሜ ፎቶ ላከችልኝ፣ ድንች በካሮት በሽንኩርት፣ ጠርዙ ቡናማ፣ የጥብስ ቅጠሉ ከእናቴ ግቢ፣ መብራት የሄደው ከኦቨኑ ካወጣችው በኋላ ነው።